ቀርፋፋዋ ሮኬት

ስለ ጀርመን ሮኬቶች ሲነሳ ሁሉም ሰው ቪ-2ን ይጠራል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን 9 ኪሎ ገደማ ስለምትመዝን ትንሽ ፀረ ታንክ ሮኬት ነው። ስሟ ኤክስ-7፣ ቅጽል ስሟ ደግሞ "ሮትኬፕሽን" ነው፤ ያቺ ተኩላ ያጋጠማት የተረት ልጅ፣ ባለ ቀይ ቆቧ ማለት ነው።

የነደፋት ማክስ ክራመር የሚባል መሐንዲስ ነው። በመስከረም 1943 (እ.ኤ.አ.) ሮማ የተባለችውን የጣሊያን የጦር መርከብ ያሰጠመችው ፍሪትዝ-ኤክስ ቦምብም የእሱ ሥራ ናት። ፍሪትዝ-ኤክስ ሞተር አልነበራትም፤ ከአውሮፕላን ትጣልና በሬዲዮ ትመራለች። ከአውሮፕላን የምትተኮሰው ኤክስ-4 ግን በፈሳሽ ነዳጅ ነበር የምትሄደው፤ አንዱ ፈሳሽ ናይትሪክ አሲድ ነው። እስቲ አሲድ ተሸክሞ ምሽግ የሚገባ ወታደር አስቡት!

ለእግረኛ የሚሆነው ጠጣር ነዳጅ ነው። ቱቦ ውስጥ የታጨቀ ባሩድ በሉት፤ ፓምፕ የለ፣ ቫልቭ የለ። ችግሩ አንዴ ከተለኮሰ በቃ፣ ጉልበቱን ቀንስ ቢሉት አይሰማም። ኤክስ-7ን ደግሞ የሚመራት ሰው ነው። ተኳሹ በዓይኑ እየተከተላት፣ ከኋላዋ በሚተረተር ቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ይልክላታል። በጣም ከፈጠነች አምልጣው ሄደች ማለት ነው።

ታዲያ ምን ተደረገ? አንድ ሞተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ባሩድ ገባ። የመጀመሪያው ወደ 68 ኪሎ በሚጠጋ ግፊት ለ3 ሰከንድ ገደማ ያስፈነጥራታል። ሁለተኛው ከ5 ኪሎ ትንሽ በሚበልጥ ግፊት ለ8 ሰከንድ ያህል ፍጥነቷን ይጠብቅላታል። በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ትበራለች። ለሮኬት ቀርፋፋ ናት፤ ለሰው ዓይንና እጅ ግን ልክ ናት።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ፓንዘርፋውስት የሚመታው ከ30 ሜትር ገደማ ነበር። ወታደሩ ታንኩ አጠገቡ እስኪደርስ ልቡን ይዞ መጠበቅ ነበረበት። ኤክስ-7 የታሰበችው ግን ለ1,000 ሜትር ያህል ነው።

ለጀርመን አልደረሰችም፤ ጦርነቱ ቀድሟት አለቀ። ሐሳቧ ግን አልሞተም። ፈረንሳዮች ወስደው በ1950ዎቹ ኤስኤስ-10ን ሠሩበት፤ ሌሎች አገሮችም በሽቦ የሚመራ ፀረ ታንክ ሚሳይል ተከታትለው አወጡ።

ክፍል ውስጥ ስለ ሮኬት ባነሳሁ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ "የቱ ነው ፈጣኑ?" የሚል ነበር። መልሴ ይኸው ነው፦ እዚህ ላይ ትልቁ ብልሃት መፍጠን ሳይሆን በልክ መሄድ ነበር። የሚያሳዝነው ብልሃቱ የዋለበት ቦታ ነው። ስሟ የልጆች ተረት፣ ሥራዋ ግን ከኪሎ ሜትር ርቀት ሰው መግደል። ታንኩ ውስጥም እኮ ያለው የሰው ልጅ ነው።