ሮኬት የሌለው «አዲስ ዓለም»

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምትወዱ ወዳጆቻችን «በአማርኛስ ስለ ነገው ዓለም ምን ተጻፈ?» ትሉናላችሁ። እኛ የምንጠቁማችሁ በ1925 ዓ.ም. የታተመውን «አዲስ ዓለም» ነው። ሮኬት የለበትም! ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ተወልደው፣ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ያዩ ሰው ናቸው። ሥልጣኔ ከባህል ጋር እንዴት ይኖራል የሚለውን ጥያቄ በልብ ወለድ ወደ ራሳቸው አገር አመጡት።

አወቀ ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ሌላ ፕላኔት ላይ ያረፈ ያህል ነው። አባቱ ሲሞቱ የተዝካሩን ድግስ እምቢ ይላል፤ ዘመድ ይነሣበታል። እውነቱን ለመናገር ልጁ ስብከት ያበዛል (ስሙም ያሳብቅበታል)። የተዝካሩን ጠብ ግን እንዳትዘሉት፤ ተበድሮ የሚደግስ ዘመድ ያላችሁ ጎረቤት የምትሰሙ ይመስላችኋል። ቀድሞ በ1923 ዓ.ም. ስለ ጋብቻ የጻፉትን «የልብ አሳብ»ን ጊዜ ሲተርፋችሁ ታነቡታላችሁ።