ዘርፉን ማን ይያዘው?

ጁላይ 29 ቀን 1981፣ ለንደን (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንድ የመስታወት ሠረገላ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ደጃፍ ላይ ቆመ። ውስጡ የ20 ዓመቷ ዲያና ስፔንሰርና አባቷ ተቀምጠዋል። አባትየው ግዙፍ ናቸው፤ ሠረገላው ጠባብ ነው። በዚህ ላይ ሦስተኛ ተሳፋሪ አለ፦ 25 ጫማ፣ ማለትም ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም የሐር ጨርቅ። ሙሽራዋ ስትወርድ ጨርቁ ተከትሏት መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ተጎትቶ ሲያልቅ ግን ጭምድድ ብሎ ነበር። ቀሚሱን የሠሩት ዴቪድና ኤልዛቤት ኢማኑኤል ሲያዩት ክው አሉ። ሚዜዎቹ ተረባርበው ዘረጉት፤ ጭምድድታው ግን እስከዛሬ ፎቶው ላይ አለ።

ዲዛይነሮቹ ያሰቡት በእንግሊዝ ንጉሣውያን ሠርግ ታሪክ ረጅሙን ለመሥራት ነበር፤ ተሳክቶላቸዋል። ጨርቁ ለካቴድራሉ ልክ ነበር። ለሠረገላው ግን ልክ አልነበረም።

እኛ አገር ቬሎ ልትመርጥ የገባች ሙሽራ ሁሉ ይሄ ጥያቄ ይጠብቃታል፦ ከኋላ የሚጎተተው ምን ያህል ይርዘም? አብዛኛው ሰው የውበት ጥያቄ ይመስለዋል። ታሪኩን ስናየው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ማን ይይዘዋል?

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። በተለምዶ ጅራት ወይም ጭራ ብንለው እንግባባለን። ግን ከዚያ ያማረ ቃል አለን፦ ዘርፍ። ነቢዩ ኢሳይያስ በራእዩ ጌታን በዙፋኑ ላይ ሲያየው መቅደሱን ሞልቶት የነበረው የልብሱ ጫፍ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ “ዘርፍ” ነው የተባለው። ልብ በሉ፤ የክብሩ ትልቅነት የተነገረው ልብሱ በያዘው ቦታ ነው። “ቬሎ” ራሱ ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ እነሱ ዘንድ ዓይነርግቡ ብቻ ነው ቬሎ የሚባለው። እኛ ቃሉን ወስደን ቀሚሱን በሙሉ አለበስነው።

ዘርፍ ማስረዘም ከሠርግ በፊት የሀብት ቋንቋ ነበር። ጨርቅ በእጅ ተፈትሎ በእጅ በሚሸመንበት ዘመን ሁለት ክንድ ጨርቅ አፈር ላይ መጎተት ማለት “ይሄ ለእኔ ምንም አይደለም” ማለት ነው። ቤተ ክህነት ይህንን አልወደደችውም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጳጳሱ መልእክተኛ ካርዲናል ላቲኖ ማላብራንካ በሰሜን ጣልያን የሴቶች ቀሚስ መሬት ከነካ በኋላ ከስንዝር በላይ እንዳይጎተት አዘዙ። ያልታዘዘች ሴት ኑዛዜዋን የሚቀበላት ቄስ አታገኝም። በዘመኑ የነበረው መነኩሴ ሳሊምቤኔ በጻፈው ዜና መዋዕል ትእዛዙ ሴቶቹን ከሞት በላይ እንደመረራቸው ይናገራል። ካርዲናሉ ፊታችሁንም ተሸፈኑ ብለው ነበር፤ ሴቶቹ እሺ አሉና መሸፈኛውን ከሐርና ከወርቅ አሠሩት። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ አማሩ ይላል መነኩሴው።

ዘርፍ ሲረዝም ግን ጨርቅ ብቻ አይበቃም፤ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ደግሞ የሰው እጅ ነው። ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚጋጋለው።

ዲሴምበር 2 ቀን 1804 ናፖሊዮን ፓሪስ በሚገኘው ኖትርዳም ካቴድራል ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ሚስቱ ጆሴፊንም አብራው ዘውድ ጫነች። ሠርግ አልነበረም፤ ከኋላዋ የሚጎተተው ከባድ የከፋይ ካባ ግን ከየትኛውም ቬሎ የባሰ ነበር። ካባውን እንዲይዙ ከታዘዙት ልዕልቶች መሀል የናፖሊዮን ሦስት እህቶች ኤሊዛ፣ ፖሊንና ካሮሊን ይገኙበታል። እህቶቹ ጆሴፊንን አይወዷትም፤ የእሷን ጅራት መሸከም ውርደት ነው ብለው አኮረፉ። መፍትሔው አስቂኝ ነበር። “ዘርፍ መሸከም” የሚለው ቀርቶ “ካባውን መደገፍ” ተባለላቸው፤ የእነሱንም ዘርፍ ሌሎች ሰዎች እንዲይዙላቸው ተፈቀደ። እንዲህም ሆኖ አልተዋጠላቸውም። የዘመኑ ሰዎች ማስታወሻ እንደሚለው ጆሴፊን ወደ ዙፋኑ ደረጃውን ስትወጣ ካባውን ለቀቁትና ወደኋላ ልትወድቅ ነበር። ናፖሊዮን ቆጣ ብሎ ሲናገራቸው ነው መልሰው ያነሡት። በቃ፣ አማትና ምራት፣ ዋርሳና ሚስት የሚባለው ጣጣ በአንድ ጨርቅ ላይ ተገለጠ ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም ችግር አለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ስታገባ ነጭ ሳቲን ለበሰች፤ ሙሽራ ነጭ ትልበስ የሚለውን ልማድ ካስፋፉት ሰዎች ስሟ ከፊት ይነሣል። ዘርፏ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ይሄ ለአንድ ሰው ረጅም ነው። እንዲይዙላት የተመደቡት ግን 12 ወይዛዝርት ነበሩ። እስቲ አስሉት፦ ስድስት ጥንድ ሴቶች፣ ሁሉም የዘመኑን ሰፊ ቀሚስ ለብሰው፣ ለአንድ ጥንድ አንድ ሜትር እንኳ አልደረሰም። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ እንደጻፈችው ተፋፍገው፣ አንዷ የሌላዋን ተረከዝ እየመታች፣ ቀሚስ እየረገጠች ነው የሄዱት። ዲያናን ያስቸገራት የጨርቁ መብዛት ነበር፤ ቪክቶሪያን ደግሞ የእጁ መብዛት። ልኩ የሚገኘው ሁለቱን በማመጣጠን ነው።

ጊዜ እየሄደ ሲመጣ እጁም እየቀነሰ መጣ። በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ለንጉሥ የሚቀርቡ ወጣት ሴቶች ሦስት ያርድ ገደማ የሚጎተት ዘርፍ ነበራቸው። እጅ ነሥተው ጀርባቸውን ሳያዞሩ ወደኋላ መውጣት ስላለባቸው ቤታቸው የጠረጴዛ ልብስ ወገባቸው ላይ አስረው ይለማመዱ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ደንቡ ተለወጠና ዘርፉ ከተረከዝ ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ተባለ። አገልጋዩ ቀነሰ፣ ገንዘቡ ቀነሰ፣ ዘርፉም ተከተለ።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ ጥያቄው ብሶ መጣ። ልዕልት ኤልዛቤት ኖቬምበር 20 ቀን 1947 ስታገባ እንግሊዝ ውስጥ ልብስ በኩፖን ነበር። ሰው ሁሉ የተጣፈ ለብሶ የልዕልቷ ቀሚስ ምን ያህል ይርዘም? መንግሥት 200 ተጨማሪ ኩፖን ሰጣት። ከየአገሩ ማዕዘን ሴቶች የራሳቸውን ኩፖን ላኩላት፤ አሳልፎ መስጠት በሕግ ክልክል ስለነበር ተመለሰላቸው። ኖርማን ሃርትኔል የሠራላት ዘርፍ አራት ሜትር ገደማ ነበር፣ ከዋክብት የመሰለ ጥልፍ ያለበት። የያዙት ሁለት የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው። አሥራ ሁለት ወይዛዝርት የቀሩበት ዘመን መጣ ማለት ነው።

ዛሬ የሙሽራ ልብስ ሻጮች የሚጠቀሙባቸው ስሞች ይህንን ታሪክ ተሸክመዋል። መሬቱን ጠረግ ብቻ የሚያደርገው፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው “ስዊፕ” ነው። አንድ ሜትር ከምናምን ሲሆን “ቻፕል” ይባላል፣ ትንሽ ጸሎት ቤት ማለት ነው። ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ “ካቴድራል”፣ ከሦስት ሜትር ሲያልፍ ደግሞ “ሮያል”። መጠኑ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ስሞቹ ግን ምክር ናቸው፦ ልብሱን ከመምረጥሽ በፊት ቤቱን እዪ። ካቴድራል የሚባለው ዘርፍ ረጅም መተላለፊያ፣ ለስላሳ ወለልና ከኋላ የሚከተል ሰው ታስቦ የተሰፋ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የእኛ ሙሽራ በአንድ ቀን የምትሄድበትን መንገድ ቁጠሩት። ከቤቷ የኮብልስቶን ቅያስ። ከዚያ መኪና። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ። ከዚያ ፎቶ ሊነሡ ሣር ላይ፣ ምናልባትም ጭቃ። ከዚያ አዳራሽ፣ በጠረጴዛዎች መሀል። ከዚያ እስክስታ! ዘርፉ በእያንዳንዱ ቦታ መነሣት፣ መታጠፍ፣ መዘርጋት አለበት። ቬሎው የኪራይ ከሆነ ደግሞ ስትመልሺው ስለ ጫፉ ትጠየቂያለሽ።

ስለዚህ ልኩን የሚነግርሽ መስታወቱ ብቻ አይደለም። መኪናውን አስቢ፦ ዘርፉ ሳይጨማደድ የት ይቀመጣል? ደረጃውን ቁጠሪ። ዘርፉን ወደ ላይ ሰብስቦ ወገብ ላይ የሚይዝ ቁልፍና ማንጠልጠያ ከውስጥ መሰፋቱን ጠይቂ፤ ይሄ ከሌለው ለጭፈራ ሰዓት ሌላ ቀሚስ ያስፈልግሻል። ጫማውንም አድርገሽ ሞክሪው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተረከዝ ከፊት ያለውን ልክ ይለውጠዋል። ወደፊት ብቻ ሳይሆን ዞር ብለሽም ተራመጂ። ዘርፍ የሚጠልፈው ዞር ሲሉ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ያቺን አንድ ልጅ አስቢያት። አንደኛ ሚዜሽን፣ ወይ እህትሽን። ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ብላ ጨርቅ የምታነሣው እሷ ናት። ከመኪናው መጨረሻ የምትወርደው፣ ምሳ ቀዝቅዞ የሚደርሳት፣ “ፍሬሙ ውስጥ ገብተሻል፣ ወጣ በይ” የምትባለው እሷ ናት። ኤፕሪል 29 ቀን 2011 ኬት ሚድልተን ዌስትሚኒስተር አቢ ስትገባ ዘርፏ 2.7 ሜትር ነበር፤ ዲያና ከለበሰችው ግማሹን እንኳ አይሆንም። ከኋላ ይዛላት የገባችው ታናሽ እህቷ ፒፓ ናት። ብቻዋን አንሥታ ደረጃውን ወጣች። ሁለት እጅ በቃ።

የናፖሊዮን እህቶች በትእዛዝ ይዘው ለቀቁት። የቪክቶሪያ ወይዛዝርት በማዕረግ ተሰልፈው ተረጋገጡ። እህት ደግሞ በፍቅር ትይዛለች፤ ግን ፍቅርም ወገብ አለው። ልክ የሆነ ዘርፍ ማለት የምትወድሽ ሴት ይዛልሽ፣ ማታ ደግሞ ቀና ብላ አብራሽ ልትጨፍር የምትችለው ነው።