ጊዜው ያለፈበት መርዝ የት ይጣላል?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ገበያ ላይ “መድኃኒት አለ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለልጁ ትኩሳት ይሁን ለበርበሬው ትል ወዲያው አይታወቅም። አማርኛችን የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ይሄ የቃል ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተስቆ ይታለፍ ነበር። ችግሩ ቃሉ ሐሳብም ይዞ መምጣቱ ነው። የትኩሳት ኪኒን ጊዜው ሲያልፍ “ኃይሉን አጥቷል” እንላለን፤ ከእንግዲህ አይጠቅምም፣ ቢጣልም አይጎዳም ማለታችን ነው። የፀረ-ተባዩን በርሜልም በዚሁ ዓይን እናየዋለን።

ኬሚካሉ ግን ይሄን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ወባን ለማጥፋት በተደረገ ዘመቻ ማላታዮን ሲረጩ ከነበሩ ወደ 7,500 ሠራተኞች መካከል 2,800 ያህሉ ተመረዙ፤ ቢያንስ 5ቱ ሞቱ። ማላታዮን ከዘመዶቹ ጋር ሲነጻጸር ለሰው ለዘብ ያለ ነው የሚባል ኬሚካል ነው። ታዲያ ምን ሆነ? አንዳንዶቹ ምርቶች መጋዘን ውስጥ እንዳሉ አይሶማላታዮን ወደሚባል፣ የሰውነትን መርዝ የማክሸፍ አቅም ወደሚያሽመደምድ ነገር ተለውጠው ነበር። መርዙ ቆይቶ አልደከመም፤ ቆይቶ ባሰበት። በሌላ በኩል እንደ ዲዲቲና ዲየልድሪን ያሉት ደግሞ ጭራሹኑ መፈራረስ የማይወዱ ናቸው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በሣሩ፣ በከብቱ፣ በወተቱ አድርገው ወደ ሰው ይመጣሉ።

ስለዚህ “የት ይጣላል?” የሚለው ጥያቄ የጽዳት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ይሄን ጥያቄ ለመመለስ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከመንግሥት መጋዘን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 የአንበጣ መንጋ ሀገሪቱን መታና 167,000 ቶን ያህል እህል በላ፤ ለ1 ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ይሆን ነበር ይባላል። ያ ድንጋጤ ብዙ ነገር ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጎረቤት ሀገሮች ተሰባስበው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን ወባ ማጥፊያ በየቀበሌው ዲዲቲ መርጨት ጀመረ፤ የወባ ረጪዎችን ነጭ ዱቄት ግድግዳ ላይ ያዩ አያቶች ዛሬም አሉ። ከዚያ የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች መጡ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ የመንግሥት እርሻና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተስፋፉ። ሁሉም መድኃኒት ይፈልጋሉ። ግማሹ ይገዛል፣ ግማሹ በእርዳታ ይመጣል።

ክምችቱ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። አንበጣ ወይም ተምች ይመጣል፤ ጥድፊያ ይሆናል፤ ትዕዛዝ ይላካል። መርከቡ እስኪደርስ፣ ከወደብ እስኪወጣ፣ ወረዳ እስኪገባ መንጋው ሄዷል ወይ ሞቷል። በርሜሉ ግን ቀረ። “ለከርሞ ይሆናል” ተብሎ ተቀመጠ። በከርሞው ሌላ እርዳታ፣ ሌላ ዓይነት ኬሚካል መጣ። የድሮው ላይ ያለው ጽሑፍ ለቀቀ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ ማፍሰስ ጀመረ። መጋዘን ያዥውም ምን እንደሚያደርገው የሚነግረው መመሪያ አልነበረውም። ንብረት ነውና አይጥለውም፤ መርዝ ነውና አይነካውም። እንደ ዲየልድሪን ያሉት ደግሞ ዓለም “በቃ” ብሎ ሲያግዳቸው የተረፈው ባለበት ቀረ።

ሕግ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ የመንግሥት ምክር ቤት የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20ን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ያልተመዘገበ ኬሚካል ማስገባት ተከለከለ። ጥሩ ነው፤ ግን ድንጋጌው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ለተከማቸው ብዙም መላ አልነበረውም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) የግብርና ሚኒስቴርና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ቆጠራ ሲያደርጉ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ትልቅ የሚባል ክምችት ካላቸው ሀገሮች አንዷ ሆና ተገኘች። በርሜሎቹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ተበትነዋል፤ አንዳንዱ ከሰው መኖሪያ ጎን ነው። በአሜሪካ፣ በኔዘርላንድስና በስዊድን ገንዘብ ማጽዳቱ ተጀመረ። ሥራው የጭነት ሥራ አይደለም። የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች የሚያፈሰውን ወደ አዲስ በርሜል ይገለብጣሉ፤ የተበከለውን አፈር ይዝቃሉ፤ እያንዳንዱ በርሜል ምን እንደያዘ ተጽፎ ይለጠፍበታል። ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የተቀላቀለችው የባዝል ስምምነት ደግሞ ተቀባዩም በመንገድ ያሉትም ሀገሮች አስቀድመው በጽሑፍ እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። በዚህ መልኩ ከ1,000 ቶን በላይ መርዝ ተጭኖ ፊንላንድ፣ ሪሂማኪ ከተማ፣ ኤኮኬም የሚባል ኩባንያ እቶን ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ ክምችቶች ፕሮግራም በሚባለው ሥር ሁለተኛ ዙር ተካሄደ፤ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ሀገሮች አንዷ ነበረች።

ሂሳቡን አስቡት። እንዲህ ያለ ማስወገድ ለአንድ ቶን ከ3,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። በነፃ የመጣ መርዝ፣ መሸኛው ከመግዣው ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ማንም አልተከሰሰም። ሊከሰስ የሚገባው ራሱ መንግሥትና ለጋሾቹ ነበሩና።

ከዚያ ወዲህ ንግዱ እጅ ለወጠ። ዛሬ ኬሚካሉን በብዛት የሚያመጣው የግል አስመጪ ነው፤ የሚሸጠው የከተማ ሱቅ ነው፤ የሚረጨው የማረቆ በርበሬ ገበሬ፣ የጫት ባለቤት፣ ቲማቲምና ጎመን የሚያለማ ወጣት ነው። ትልቁ የመንግሥት ክምር ወደ ሺህ ትናንሽ ክምሮች ተከፋፈለ፤ ሱቅ ጀርባ ያለ ካርቶን፣ ማሳ ዳር የተወረወረ ጠርሙስ፣ ታጥቦ ውኃ የሚቀዳበት ጀሪካን። ፊንላንድ የሚሄድ መርከብ ይሄን አይሰበስብም።

እዚህ ላይ የጉራጌን ካርታ ማየት ይጠቅማል። የጉራጌ ተራሮች ውኃ ከፋይ ናቸው። በምዕራብ፣ በወልቂጤ በኩል፣ ዋቤ ወደ ግቤ፣ ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። በምሥራቅ፣ በቡታጅራ በኩል የሚወርደው ውኃ የመቂን ወንዝ ይዞ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ የባቱ ከተማ ሰው ከዚያ ሐይቅ ይጠጣል። ቡታጅራ ቦይ ውስጥ የተደፋ ነገር መዘዙ ቡታጅራ አይቀርም። ወልቂጤ ዛሬ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው፤ ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ። ዝዋይ ግን ኦሮሚያ ነው። የሚጥለው በአንድ ክልል፣ የሚጠጣው በሌላ ክልል ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የማን ተቆጣጣሪ ነው?

ሕጉ ወረቀት ላይ ደካማ አይደለም። የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ ማስወገድ ይከለክላል። ያጠፋ ድርጅት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል፤ ኃላፊው ደግሞ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የደርጉን ድንጋጌ ተካ። በ2010 ዓ.ም. የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 ወጣ። አዋጅ አልጎደለንም።

የጎደለው ሁለት ነገር ይመስለኛል።

አንደኛው ባለቤት ነው። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። የኬሚካሉ ምዝገባ ደግሞ ግብርና ሚኒስቴር ዘንድ ቆይቶ በ2014 ለአዲሱ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተሰጠ። ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ይሄ የታወቀ በሽታ ነው፤ ሲስተም በተቀየረ ቁጥር የሚጠፋው ትልቁ ነገር ሳይሆን ማን ምን እንደጀመረ የሚናገረው ትንሹ መዝገብ ነው። ሱቁን የፈቀደው ግብርና፣ ቆሻሻውን የሚጠይቀው አካባቢ ጥበቃ፣ ጀሪካኑን የሚያነሳው ማዘጋጃ ቤት። ሦስቱም “የኔ አይደለም” ቢሉ ሦስቱም በከፊል ልክ ናቸው።

ሁለተኛው መውጫ በር ነው። አንድ የወልቂጤ ነጋዴ ጊዜው ያለፈበት 40 ሊትር ኬሚካል አለው እንበል። ሕጉ አትሽጥ ይለዋል፤ አትድፋ፣ አታቃጥል፣ አትቅበር ይለዋል። እሺ፣ የት ይውሰደው? ኮድ ስጽፍ ማንኛውም ሁኔታ መውጫ ካልተሰጠው ፕሮግራሙ እዚያው ይንጠለጠላል። ሰው ግን አይንጠለጠልም፤ ማታ አውጥቶ ይደፋዋል። ሕጋዊ መንገድ በሌለበት ቅጣት ማጠንከር ጥፋቱን ከቀን ወደ ሌሊት ማዛወር ብቻ ነው። ተቆጣጣሪውም ይሄን ያውቃል፤ አውቆም ይራራል። እናም መቶ ሺህ ብሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ብራዚል ይሄን በር በሕግ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕጓ ገበሬው ባዶ ዕቃውን አለቅልቆ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲመልስ፣ ሻጩ የመመለሻውን ቦታ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ፣ አምራቹ ደግሞ ወስዶ እንዲያስወግድ አስገደደ። ኩባንያዎቹ ለዚህ ሥራ ኢንፔቪ የሚባል ተቋም መሠረቱ፤ ዛሬ ኬሚካሉን በቀጥታ ከሚይዙት ፕላስቲኮች ከ90 በመቶ በላይ ይመለሳሉ። እዚያ ከተቆጣጣሪ ጉልበት ይልቅ የሠራው ደረሰኝ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። ለማቃጠያውም ቢሆን ሁልጊዜ ሪሂማኪ መሄድ ግዴታ ላይሆን ይችላል። የሲሚንቶ እቶን ውስጥ ያለው ጥሬ ዕቃ እስከ 1,450 ዲግሪ ይሞቃል፤ ኖርዌይ አደገኛ ቆሻሻዋን በዚህ መንገድ ስታስወግድ ኖራለች። እኛም የሲሚንቶ ፋብሪካ አለን። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያና የሚለካውን የሚያምኑት ሰው ከሌለ ግን ይሄ ሐሳብ ከመርዙ የባሰ ይሆናል። እንደ ቀላል ነገር አላቀርበውም።

በሩ እስኪከፈት ድረስ በእጃችን ያለው አዋጅ 300 አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ “እኔ ተጎድቻለሁ” ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን ስለሚጎዳ ድርጊት ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት በዚህ መንገድ ሄዶ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ራሱን ከሶ ነበር። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን አልተቀበለውም፤ የሚከሰሰው የበከለው እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም በሚል። ሽንፈት ነው፤ ግን አቅጣጫ ያሳየ ሽንፈት ነው። የሚቀጥለው አቤቱታ መጻፍ ያለበት በበከለው ስም ላይ ነው።

ለዚያ ደግሞ መረጃ ያስፈልጋል። የትኛው ሱቅ ስንት ሊትር አስገባ፣ ስንቱን ሸጠ፣ ስንቱ ጊዜው አለፈበት፣ የተረፈው የት ገባ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የበረሃ አንበጣ በድጋሚ ሲመጣ እንደገና ጥድፊያ ነበር፣ እንደገና ግዥ ነበር፣ እንደገና ርጭት ነበር። ከስልሳ ዓመት በፊት የነበረው ሰንሰለት ያው ነው። የሚለየው ነገር ቢኖር ዛሬ እያንዳንዱን በርሜል ከወደብ እስከ ማሳ መከታተል ከስልክ ካርድ ሽያጭ የበለጠ ከባድ አለመሆኑ ነው። ለስልክ ካርድ ያደረግነውን ለመርዝ ያላደረግነው አቅም አጥተን አይመስለኝም። አንዱ ሲጠፋ ገንዘብ የሚጎድልበት መሥሪያ ቤት አለ፤ ሌላው ሲጠፋ የሚጎድልበት ሰው ወንዙ ታች ነው ያለው።