ጎፈሬና ሹሩባ በዋሽንግተን

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ በእንቁጣጣሽ ወይም በጥምቀት ዕለት በአንዱ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ቆሞ፣ ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲወጣ የሚመለከት ሰው፣ በዚህ አገር ተወልደው ያደጉት ቆነጃጅት ነጠላቸውን ከራሳቸው ወደ ትከሻቸው ባወረዱ ጊዜ፣ የአንዲቱ ጠጉር በሚዶ ተበጥሮ የተነሣ ጎፈሬ፣ የሌላይቱ ከግንባር እስከ ማጅራት በቀጭኑ የተጎነጎነ ሹሩባ፣ የሦስተኛይቱም እንደ ባሕታውያን የተቈላለፈ ቁንዳላ መሆኑን ያያል፤ አይቶም፣ እነዚህ ልጆች የአያቶቻቸውን ሥርዐት ከእናቶቻቸው እጅ ተቀብለው ከባሕር ማዶ አጸኑት ብሎ ያመሰግናል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ለባለቤቱ አልደረሰም። በዚህ አገር ስኖር ያየሁትና የሰማሁት ሁሉ የሚያስረዳኝ፣ ልጆቻችን በገዛ ጠጉራቸው መክበርን የተማሩት ከእኛ ሳይሆን ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች እንደ ሆነ ነው፤ እኛማ ከአገር ስንነሣ ንቀነው ትተነው መጥተን ነበር። ይህን ውለታ በቋንቋችን ጽፎ ማኖር ይገባል ብዬ ስለማምን ነገሩን ከሥሩ ልተርክ አስቤአለሁ፤ ዘመኑንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አኖራለሁ።

በአገራችን ጠጉር የዕድሜና የመዓርግ ምልክት ነበረ። ለሕፃኑ ቁንጮ፣ ለልጃገረዲቱ ጋሜና ሳዱላ፣ ባል ላገባችው ሹሩባ፣ ለጦረኛው ጎፈሬ ተሰጥቶ፣ የሞተበትም ሰው ጠጉሩን ተላጭቶ ሐዘኑን ይገልጥ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ሹሩባ ተሠርተው በሥዕል መታየታቸውን የምናውቀው ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም አርበኞቹ ጎፈሬአቸውን አሳድገው በየዱሩ የኖሩት ከናዝራዊው ከሶምሶን ታሪክ ጋር በሕዝቡ ልብ ውስጥ እየተዛመደ ነበረ። ዳሩ ግን በዚያው አገር፣ በዚያው ሕዝብ መካከል፣ ሌላ ሚዛን ከጥንት ጀምሮ ተሰቅሎ ይኖር ነበርና፣ ጠጉሯ ዞማ የሆነች ሴት በዘፈን ስትወደስ ጠጉሯ ከርዳዳ የሆነችው በቤቷና በሰፈሯ ትሰደብ ነበር። ይህ ሚዛን የባርነት ዘመን ያወረሰን መሆኑን ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ፤ የሰው ልጅ በገበያ ሲሸጥ በነበረበት አገር፣ ጨዋውን ከባሪያው ለመለየት ከመልክ ቀጥሎ የሚመረመረው ጠጉር ነበረና። በኋላም የከተማ ሥልጣኔ በመጣ ጊዜ፣ ጠጉርን በጋለ ብረት መተኮስና በመድኃኒት ማለስለስ፣ ከካስክ ሥር ለሰዓታት መቀመጥ፣ የተማረች ሴት ምልክት ሆነ፤ ሹሩባ ለባላገርና ለዓመት በዓል ቀረ። በስደት የወጣነው እናቶች ይህን ልማድ ከሻንጣችን ጋር ይዘን ነው አሜሪካን አገር የገባነው።

የጥቁር አሜሪካውያኑ ታሪክ ግን ከዚህ የከበደ ነው። በ1786 ሉዊዚያና በእስፓኝ እጅ ሳለች፣ አገረ ገዢው እስቴባን ሚሮ፣ ነጻ የወጡ ጥቁር ሴቶች ጠጉራቸውን አሠማምረው በኒው ኦርሊንስ አደባባይ መታየታቸው ከነጮቹ ወይዛዝርት ጋር እንዳያስተካክላቸው ብሎ ራሳቸውን በሻሽ እንዲሸፍኑ ዐዋጅ አወጣ፤ ሴቶቹም ሻሹን በደማቅ ቀለም መርጠው፣ በአስተሳሰሩም ተጠብበው፣ የውርደቱን ምልክት ጌጥ አደረጉት። በዚያችው ሉዊዚያና ከባርነት ከወጡ ወላጆች በ1867 የተወለደችው ሳራ ብሪድላቭ፣ በኋላ ማዳም ሲ ጄ ዎከር ተብላ የታወቀችው፣ ጠጉሯ እየረገፈ ስላስጨነቃት የራስ ቅባት መነገድ ጀመረች፤ ቀጥላም በኢንዲያናፖሊስ ፋብሪካ አቁማ በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችን የሽያጭ ሥራ አስተማረች። ከቅባቱ ጋር በእሳት የሚግለው የብረት ማበጠሪያ አብሮ ተስፋፋ። ጠጉርን ሉጫ ማድረግን ለጥቁር ሴቶች ያስተማረች እርሷ ናት እያሉ ከሚነቅፏት ወገን አይደለሁም፤ በዚያ ዘመን ከነጭ ቤት አጣቢነት ሌላ እንጀራ ለማይፈቀድላት ሴት የራሷን ገንዘብ በራሷ እጅ ማግኘት ምን ያህል ነጻነት እንደ ሆነ፣ በሰው ቤት ሠርተን ያደርን እኛ ስደተኞች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ከ1954 ወዲህ ደግሞ ጆርጅ ጆንሰን በቺካጎ ባቋቋመው ኩባንያና በመሰሎቹ አማካይነት የማለስለሻው መድኃኒት በየቤቱ ገባ። የብዙዎቹ ማለስለሻዎች መሠረት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፈትበት ይኸው ቅመም፣ በጠጉር ውስጥ ኬራቲን የተባለውን አካል እርስ በርሱ የሚያያይዘውን የድኝ ማሰሪያ ፈትቶ የተጠቀለለውን ያቃናዋል፤ የራስ ቆዳ ላይ በቈየ ጊዜም ያቃጥላል።

ወደ ተፈጥሮ ጠጉር መመለሻው የተጀመረው በ1962 በኒው ዮርክ፣ በሃርለም ሰፈር ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ክዋሜ ብራትዌትና ወንድሙ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ ጠጉራቸውን ያልተኮሱና ያላለሰለሱ ጥቁር ቆነጃጅት ብቻ የሚታዩበት የልብስ ትርኢት አቆሙ፤ ግራንዳሳ የተባሉት እነዚህ ሴቶች በየዓመቱ በአደባባይ እየታዩ ጥቁር ውብ ነው የሚለውን ቃል በአካላቸው መሰከሩ። ለእኛ ለዋሽንግተን ነዋሪዎች የሚቀርበው ግን ከአራት ዓመት በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። ሃዋርድ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ቤት አይደለም፤ ሐኪሙ መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማረው በዚያ ነው፤ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪም ሌሎች ሊቃውንት አፍሪካ ታሪክ የላትም እያሉ በሚጽፉበት ዘመን የኢትዮጵያን ጥንታዊ ታሪክ ለጥቁር ተማሪዎች ያስተማረው በዚያው ግቢ ነው። የኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ የሚበዛበት ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድም ከግቢው በእግር የሚደረስ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የዓመቱ ንግሥት ስትመረጥ፣ ዕድሉ ለረጅም ዘመን የሚደርሰው መልኳ ለቀላና ጠጉሯ ለለሰለሰ ተማሪ ነበር። በ1966 ግን ሮቢን ግሪጎሪ የተባለች ተማሪ ጠጉሯን እንደ ተፈጥሮው አሳድጋ፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ክብር በየስብሰባው እየተናገረች ተወዳደረች፤ አሸነፈችም። በአዳራሹ የነበሩት ሲተርኩ፣ መብራቱ ደብዝዞ መድረኩ ሲገለጥ አስቀድሞ የታየው ፊቷ ሳይሆን የጎፈሬዋ ጥላ ነበር፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ጮኸ። የዚያች ሌሊት ጩኸት በ1968 ተማሪዎቹ የአስተዳደሩን ሕንፃ ይዘው የጥቁር ሕዝብ ታሪክና ባህል ትምህርት እንዲሰፋ ወደ ጠየቁበት ቀን ያደረሰ ጎዳና ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ የጎፈሬ ሥዕል ዓለምን ዞረ፤ ይልቁንም የአሜሪካ መንግሥት በ1970 የጥቁር ሕዝብ መብት ታጋይዋን አንጄላ ዴቪስን ሲያሳድድ ፎቶግራፏን በየቦታው በመለጠፉ፣ ሊያስፈራራበት ያሰበውን ጠጉር አርአያ አደረገው። ሥዕሉ አዲስ አበባም ደርሶ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻ ዓመታት ተማሪዎቻችን ጎፈሬ ያሳደጉት የአርበኛ አባቶቻቸውን ተከትለው ሳይሆን አፍሮ ብለው ከአሜሪካ የተቀበሉትን ተከትለው ነበር። አርበኛው አባት በቤት ተቀምጦ ሳለ ልጁ የአባቱን ጠጉር ከባሕር ማዶ መቀበሉ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ጎፈሬ እንዲህ ሲከብር ሹሩባ ገና በፍርድ አደባባይ ይንከራተት ነበር። በ1981 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሹሩባ አትሠሪም ተብላ አሠሪዋን አየር መንገድ የከሰሰች ጥቁር ሴት ተረታች፤ ዳኛው ሲበይን፣ በተፈጥሮ የበቀለ ጎፈሬ ቢከለከል ምናልባት ሕግ ሊደርስለት ይችል ይሆናል፣ ሹሩባ ግን በእጅ የሚሠራ ስለ ሆነ ሴቲቱ ልትፈታው ትችላለች አለ። እናት በጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ለልጇ የምትጎነጉነውን፣ ትውልድ ከትውልድ የተቀባበለውን ሥራ፣ ዳኛው እንደ ኮፍያ የሚደረግና የሚወልቅ አድርጎ ቈጠረው። በ1987 ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ በቨርጂኒያ ክሪስታል ሲቲ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል፣ አንዲት ጥቁር ሠራተኛ በሹሩባዋ ምክንያት ሥራዋን አጣች፤ ጥቁር ሴቶችም ተሰብስበው ተቃወሙ። በዚያን ጊዜ በዚያው አካባቢ ሆቴሎች አልጋ በማንጠፍና ወጥ ቤት በመሥራት የሚተዳደሩ የኛ እኅቶች ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጠጉራቸውን ተተኩሰው፣ ነገሩ አይመለከተንም ብለው ዝም አሉ። ወቀሳ አላበዛባቸውም፤ ወረቀቱ ያልጸና ስደተኛ አንደበቱ የታሰረ ነው። ነገር ግን ዛሬ ልጆቻቸው በሹሩባ ባንክና ሆስፒታል ሲሠሩ የሚያገኙትን ነጻነት ማን እንደ ታገለለት መርሳት ኀጢአት ይመስለኛል።

ሹሩባ የመሥራትም ሙያ ቢሆን በነጻ አልተገኘም። ፓሜላ ፌረልና ባለቤቷ ታሊብዲን ኡቅዳህ በ1980 በዋሽንግተን የሹሩባ ቤት ከፈቱ፤ የከተማው አስተዳደር ግን፣ ስለ ሹሩባ አንዳች የማያስተምረውን፣ ማለስለሻና ቀለም መቀባትን የሚያስተምረውን የውበት ትምህርት ጨርሳችሁ ፈቃድ ካላወጣችሁ አትሠሩም ብሎ ከሰሳቸው። ብዙ ዓመት ከተሟገቱ በኋላ በ1992 ምክር ቤቱ ደንቡን አሻሽሎ ሹሩባን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገው። ዛሬ በከተማው የሹሩባ ቤት ከፍታ ልጆቿን የምታሳድግ ኢትዮጵያዊት፣ ከሴኔጋልና ከሌሎቹ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከመጡት እኅቶቿ ጋር፣ የምትሠራው በዚያ ክርክር በተገኘ ፈቃድ ነው።

በገዛ ጠጉር መክበር ወደ እኛ ቤት የገባው በልጆቻችን በኩል ነው። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ ወይዘሮ፣ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለች ጀምሮ በየቅዳሜው ጠጉሯን ይተኩሱላት ነበር፤ ልጅቱ አድጋ ከጥቁር አሜሪካዊት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤት ውላ ስትመለስ፣ የጓደኛዋ አያት ራሷን አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ በቀጭኑ ጎንጉነው ላኳት። እናቲቱ ደንግጠው፣ «ልጄ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይለኛል?» ቢሉ፣ ልጅቱ፣ «እማዬ፣ ያንቺ እናት በፎቶው ላይ ያላቸው ጠጉር እኮ ይኸው ነው» አለቻቸው። በየሳሎናችን ግድግዳ ተሰቅለው የሚኖሩት አያቶች በሹሩባቸው ወደ እኛ ሲመለከቱን ኖረዋል፤ ቀና ብሎ ለማየት የባዕድ አያት እጅ አስፈለገን። ወይዘሮዋ ያን ቀን ተቈጡ፤ ሆኖም የተሠራውን አልፈቱትም፤ እሑድም ልጃቸውን ይዘው አስቀደሱ።

ከሹሩባው ጋር ለጋ ቅቤም ተመለሰ። በትምህርት ቤት ይሸትብናል እያሉ ልጆቹ ያለቅሱበት ስለ ነበር ከቤታችን ወጥቶ ነበር፤ አሁን ግን ራሳቸው ልጆቹ የምዕራብ አፍሪካን የሺአ ቅቤ እየገዙ፣ አንዳንዶቹም ጨው የሌለበትን የላም ቅቤ እያቀለጡ ይቀባሉ። የአያቶቻችን ጥበብ ከንቱ አልነበረም፤ የተጠቀለለ ጠጉር የራስ ቆዳ ወዝ እስከ ጫፉ በቀላሉ ስለማይደርስለት ይደርቃል፣ ይሰበራልም፤ ቅቤው ጉድለቱን ይሞላለታል፣ ሹሩባውም ከመሰባበር ይጠብቀዋል። የማለስለሻው ነገር ግን አሳሳቢ ሆኗል። በ2022 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት 33,497 ሴቶችን ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ማለስለሻ ከማይጠቀሙት መካከል እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የሚያዙት ከመቶ 1.64 ሲሆኑ፣ አዘውትረው ከሚጠቀሙት መካከል ግን ከመቶ 4.05 እንደሚደርሱ ገመተ። ማለስለሻው ራሱ በሽታውን ማምጣቱን ጥናቱ ባያረጋግጥም፣ እናቶች ልጆቻቸውን ገና በሕፃንነት ለዚህ መድኃኒት መስጠት እንዲያቆሙ እኔ በበኩሌ እለምናለሁ።

ሕጉም ቀስ በቀስ ደርሷል። ካሊፎርኒያ በ2019 በጠጉር ምክንያት ሠራተኛንና ተማሪን ማግለልን ከለከለች፤ ክራውን የተባለው ይህ ሕግ በ2020 በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጸና። በመላው አገር እንዲጸና የቀረበውን ግን የታችኛው ምክር ቤት በ2022 ቢያሳልፈውም ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀረ።

የማናቸውም ምክር ቤት ሕግ የማይደርስበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ሠርጋችን ነው። ልማዳችን ሆኖ ሙሽራይቱ በሠርጓ ዕለት ጠጉሯን ተተኩሳ ወይም የሰው ጠጉር አስቀጥላ፣ በነጭ ቬሎ ትታያለች፤ ሹሩባዋን የምትሠራው ካባ ደርባ በምትቀርብበት በመልሱ ዕለት ነው። እንግዲህ የክብሩ ቀን ለተለሰለሰው ጠጉር፣ የትዝታው ቀን ለተፈጥሮው ተከፍሎ ይኖራል ማለት ነው። በዚህ አገር ያደጉት ልጆች ይህን ድልድል መቀበል እንቢ ብለዋል። ባለፈው ክረምት የተዳረች የአንዲት ወዳጄ ልጅ፣ «በመልሴ የሚያምርብኝ ጠጉር በሠርጌ ምን አጠፋ?» ብላ በያዘችው አቋም፣ አክስቶች እየተቈጡ፣ የሙሽራው እናት እያዘኑ፣ ነገሩ ከሦስት ሳምንት በላይ ቤቱን አወከው። የልጅቱ አያት ከአዲስ አበባ በስልክ ተጠይቀው፣ እኔ በዘመኔ የተዳርሁት በሹሩባ ነው፣ ምን ያጣላችኋል ባሉ ጊዜ ክርክሩ ቆመ፤ እናቲቱም በአሌክሳንድሪያ ላለችው ሹሩባ ሠሪ ደውለው ለሁለቱም ቀን ቀጠሮ ያዙ።