የሞያ ለማጅነት ታሪክና ለአሠሪውም ለለማጁም የሚያስገኘው ጥቅም

አንድ ሕዝብ ሞያን ከማን እንደ ተማረ ለማወቅ መዛግብትን ማገላበጥ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያዎቹን ስም ማዳመጥም ይረዳል። በከተሞቻችን ወደሚገኝ ማናቸውም ጋራዥ የገባ ሰው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ሲባል ይሰማል፤ ጎማ የሚጠግነውም ጎሚስታ ነው። ቃላቱ የኢጣልያንኛ ናቸው። ነገር ግን ቃላቱን የሚናገሩት ሠራተኞች ኢጣልያንኛ በትምህርት ቤት የተማሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹም አንዲት የኢጣልያንኛ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ቃሉ ከመሣሪያው ጋር፣ መሣሪያውም ከሥራው ጋር ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። እንግዲህ በአገራችን ያለውን የዘመናዊ ሞያ ታሪክ ስንመረምር፣ የመማሪያ ክፍል ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ሥራው ራሱ ትምህርት ቤት እንደ ነበረ እንረዳለን።

በዚህ ጽሑፍ «ለማጅነት» ስንል፣ አንድ ወጣት የተወሰነ ጊዜ ከባለሞያ ዘንድ እየሠራ ሞያውን በሙሉ የሚማርበትን፣ አሠሪውም በምትኩ ጉልበቱንና ታዛዥነቱን የሚያገኝበትን ስምምነት ማለታችን ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ በልማድ ብቻም ሊጸና ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን ጥንታዊው የሞያ ማስተላለፊያ ቤተ ሰብ ነበር። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ድር ሲያደራ ያድጋል፤ የአንጥረኛ ልጅ ወናፍ እየነፋ ብረት የሚግልበትን ደረጃ በቀለሙ መለየትን ይማራል። ይህ አሠራር ሞያውን ጠብቆ ቢያቆይም፣ ከዘር ውጭ ላለ ሰው በሩን የዘጋ ነበር። ይባስ ብሎ የእጅ ሥራ በንቀት ይታይ ስለ ነበረ፣ ባለሞያውን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ፋቂ እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሞያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የችግሩን ክብደት ያስረዳል። ዐዋጅ ግን አመለካከትን በአንድ ቀን አይለውጥም። እስከ ዛሬ ድረስ ልጁ ለትምህርት ያልታደለ እንደ ሆነ ብቻ ወደ ጋራዥ የሚልከው ወላጅ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

በአውሮፓ ለማጅነት ከቤተ ሰብ ወጥቶ በሕግ የተደነገገው ቀደም ብሎ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው የሞያተኞች ሕግ ማንም ሰው ቢያንስ 7 ዓመት በለማጅነት ሳያገለግል በሞያው እንዳይሠራ ከለከለ። የውሉ ወረቀት በሁለት ቅጂ በአንድ ብራና ላይ ይጻፍና መካከሉ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጠማዘዘ ይቆረጥ ነበር፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ የጌታውና የለማጁ ወላጅ የያዟቸው ቁራጮች ጥርስ ለጥርስ ከገጠሙ ውሉ እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጣል። ጌታው ለለማጁ ማደሪያ፣ ምግብና ልብስ ይሰጣል፤ ሞያውንም ሳይደብቅ ያስተምራል። ለማጁም የጌታውን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃዱ አይሄድም፤ ብዙውን ጊዜም ውሉ ሳያልቅ አያገባም።

ይህ ሥርዓት ነቃፊ አላጣም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ፣ ሰባት ዓመት ለብዙ ሞያዎች ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑንና የጌቶቹን ማኅበር ከውድድር ለመጠበቅ የተደነገገ መሆኑን ተከራክሯል። ከሁሉ የከፋው ግን በድኾች ልጆች ላይ የደረሰው ነበር። በፋብሪካ ዘመን መጀመሪያ የየአጥቢያው አስተዳደር ወላጅ አልባ ሕፃናትን «ለማጅ» እያለ ለጥጥ ፋብሪካዎች ያስረክብ ነበር። ሕፃናቱ የሚማሩት ሞያ አልነበረም፤ ክር መቀጠልና ከመኪናው ሥር ብናኝ መጥረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1802 የወጣው ሕግ የእነዚህን ልጆች ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ እንደ ማሻሻያ መቆጠሩ ከዚያ በፊት የነበረውን ያስገምታል። የ1563ቱ ሕግ የለማጅነት ድንጋጌዎች እ.ኤ.አ. በ1814 ተሻሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ ለማጅነት የሚለው ስም ብቻውን ለወጣቱ ዋስትና እንደማይሆን ነው። ትምህርት የሌለበት ለማጅነት ርካሽ ጉልበት ብቻ ነው።

የጀርመን አገር መንገድ ከዚህ ተለየ። እዚያም አሮጌዎቹ የሞያ ማኅበራት በ19ኛው ምእት ዓመት ቢዳከሙም፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው ሕግ የባለእጆች ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ለማጅነትን የመቆጣጠርና የመፈተን ሥልጣን ሰጣቸው። በሙኒክ ከተማ የትምህርት ሹም የነበረው ጌዮርግ ከርሸንሽታይነር ደግሞ ከ1900 ጀምሮ ለሠራተኛ ወጣቶች በየሞያቸው የተከፋፈሉ የትምህርት ቤት ክፍሎችን አደራጀ፤ ለማጁ በሥራ ቦታ የሚያደርገውን በክፍል ውስጥ ምክንያቱን እንዲረዳ ለማድረግ ነው። ከዚህ የተወለደው «ጥንድ» ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በአንድ አገራዊ ሕግ ተጠቃለለ። ለማጁ አብዛኛውን የሳምንቱን ቀን በድርጅቱ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ደግሞ በሞያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ በመጨረሻም አሠሪው ራሱ ሳይሆን ምክር ቤቱ ይፈትነዋል። ፈታኙ ከአሠሪው የተለየ መሆኑ የሥርዓቱ ምሰሶ ይመስለናል። አሠሪው ለማጁን ቡና ሲያስፈላው ቢከርም ፈተናው ያጋልጠዋል።

እዚህ ላይ አሠሪዎች ዘወትር የሚያነሡትን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም፤ ይኸውም «አስተምሬው ሌላ ዘንድ ቢሄድብኝስ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ሥራው፣ በማናቸውም ድርጅት የሚያገለግል ሞያ ሲሆን ወጪውን የሚሸከመው በስተመጨረሻ ሠልጣኙ ራሱ መሆኑን አስረድቷል። ለማጁ ከሙሉ ሠራተኛ ያነሰ ደመወዝ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ የትምህርቱ ዋጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አሠሪው ይከስራል፤ ብረት ይበላሻል፤ የባለሞያው ጊዜ በማሳየት ይባክናል። በመጨረሻው ዓመት ግን ለማጁ የሙሉ ሠራተኛን ሥራ እየሠራ የለማጅ ደመወዝ ይቀበላልና ሒሳቡ ይገለበጣል። በስዊዘርላንድ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙዎቹ አሠሪዎች ወጪያቸውን የሚያካክሱት ውሉ ሳያልቅ ነው። በጀርመን ግን ብዙው ድርጅት በሥልጠናው ዘመን የተወሰነ ወጪ ይሸከምና በኋላ ያንኑ ለማጅ በቋሚነት ሲያስቀር፣ አዲስ ሠራተኛ የመፈለግና የማለማመድ ድካም ስለሚቀርለት ይክሰዋል። ከዚህም ሌላ በገንዘብ የማይተመን ጥቅም አለ። ሦስት ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው ጠባይና እጅ አሠሪው ያውቀዋል፤ በአንድ ሰዓት ጥያቄና መልስ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዘመናዊ መንገድ ሞያን ከውጭ ባለሞያ ለመቅሰም የተደረገው ስመ ጥር ሙከራ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የተካሄደው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ የሰፈሩትን የእጅ ሞያ ያላቸው የአውሮፓ ሚስዮናውያን መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው የማያውቁ ነበሩና የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ሳይሳኩ ቀሩ፤ እየወደቁም ተማሩ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚሁ ነው። የአገር ተወላጆችም በዚያው ሥራ ተሰልፈው ነበር። ሆኖም ሥራው በሙሉ በአንድ ንጉሥ ፈቃድና በጥቂት መምህራን ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅና አውሮፓውያኑ አገሩን ለቀው ሲሄዱ ጋፋትም ተፈታ። ጋፋት አሠሪ ነበረው፤ ሠራተኛም ነበረው፤ የጎደለው ከንጉሡ ዕድሜ በላይ የሚቆይ ሥርዓት ነበር።

የምድር ባቡሩ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በዚያ የተቋቋመው የጥገና ዎርክሾፕ የማያቋርጥ ሥራ ስለ ነበረው የማያቋርጥ የሰው ፍላጎትም ነበረው። ባቡሩ በየዕለቱ ይሄዳል፤ የሚሄድ ነገር ሁሉ ይሰበራል። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1909 ዓ.ም. መስመሩ አዲስ አበባ ሲደርስም ጣቢያው በሕዝቡ አፍ «ለገሃር» ተባለ። ከባቡሩ ጋር የመጣው ልምድ በድሬዳዋ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላለፈ። የጋራዡ ቋንቋ ኢጣልያንኛ የሆነበትም ምክንያት ከዚህ አይለይም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራና ከዚያም በኋላ በአገሩ የቀሩ ኢጣልያውያን ባለሞያዎች በከፈቷቸው ጋራዦችና ቶርኖ ቤቶች፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች መሣሪያ ከማቀበል ጀምረው ሞተር እስከ መፍታት ደረሱ። ወራሪው ያመጣው በደል በሌላ ቦታ የተጻፈ ነው። ወጣቶቹ ግን ከሄደው ሰው እጅ የቀረውን ሞያ አላስቀሩም።

በውል የተደገፈ ለማጅነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከአየር መንገዳችን የበለጠ ምስክር የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም፣ አብራሪዎቹም መካኒኮቹም ኃላፊዎቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ተደረገ። ስምምነቱ ግን አውሮፕላን ማብረርን ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንንም ይጨምር ነበር። ኢትዮጵያውያን በየክፍሉ ከውጭ ባለሞያዎች ጎን እየሠሩ ደረጃ በደረጃ ቦታውን ተረከቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምእት ዓመት የፈጀ ርክክብ ነው። አሠሪው ድርጅት በየጊዜው ከውጭ በውድ የሚቀጥረውን ሠራተኛ ከራሱ ጓሮ አበቀለ፤ ሠራተኛውም በዓለም ሁሉ የሚታወቅ ፈቃድ ያለው ባለሞያ ሆነ። ከሠለጠኑት መካከል ወደ ሌሎች አየር መንገዶች የሄዱ መኖራቸው ይታወቃል። አየር መንገዱ ግን በዚህ ምክንያት ማሠልጠኑን አልተወም፤ እንዲያውም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ሠልጣኞች በሩን ከፈተ።

በዚሁ ዘመን ሌላ መንገድም ተከፈተ። በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲመሠረት፣ ሞያ እንደ ማናቸውም ትምህርት በክፍልና በመለማመጃ ክፍል የሚሰጥ ሆነ። የዚህን እርምጃ ታላቅነት አንክድም፤ የሸማኔ ልጅ ያልሆነውም ሞያ እንዲማር በር የከፈተው ይኸው ነው። ይሁንና ተማሪው ከሥራው ቦታ ተለየ። የትምህርት ቤት ሞርሳ ደንበኛ አይጠብቀውም፤ በእርሱ ላይ የተበላሸ ብረትም ማንንም አያስቆጣም። ሥርዓተ ትምህርት በማዘጋጀት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ክፍተት በወረቀት ለመሙላት ብዙ ደክመናል፤ በወረቀት ግን አይሞላም።

ከዚህ የተነሣ የቴክኒክና ሞያ ትምህርት ፖሊሲያችን የትብብር ሥልጠናን አመጣ። ሠልጣኙ አብዛኛውን የተግባር ጊዜ በድርጅት እንዲያሳልፍ ታስቧል። ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የተመደቡ ሠልጣኞችን ሊጎበኝ ሄዶ ነበር። ሦስቱ ወጣቶች በመጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲያመላልሱ አገኛቸው። ከመጡ ስድስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ ብየዳ ሊማሩ የመጡ ሲሆኑ የብየዳ መነጽር ገና አልተሰጣቸውም። የክፍሉ ኃላፊ ሲጠየቅ አላፈረም፤ ልጆቹ ከሁለት ወር በኋላ የሚሄዱ ከሆነ ባለሞያዬን ከሥራ አስፈትቼ ለምን አስተምራቸዋለሁ ሲል መለሰ። መልሱን ስንሰማ ብንናደድም፣ በመንገድ ላይ ስናስበው ሰውየው የተናገረው ሒሳብ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ከላይ እንደ ገለጽነው የአሠሪው ወጪ የሚመለሰው በመጨረሻው ዘመን ነው። እኛ ኪሳራ ያለበትን መጀመሪያ ሰጥተን ትርፍ ያለበትን መጨረሻ ነስተነዋል። አጭር ምደባ ለሠልጣኙም ለአሠሪውም አይበጅም።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 42/1985፣ በኋላም ቁጥር 377/1996 እና ቁጥር 1156/2011 ሞያ የመልመድ ውልን ለብቻው አንሥተው ደንግገዋል። ውሉ በጽሑፍ መሆንና በሚመለከተው መሥሪያ ቤት መረጋገጥ አለበት፤ የሥልጠናው ዓይነትና ዘመን፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ሊገለጽ ይገባል። አሠሪው ለማጁን ከሚማረው ሞያ ጋር በማይገናኝ ሥራ እንዳያሠማራው ተከልክሏል። ያ መጋዘን በዚህ ድንጋጌ ፊት ምን ይባል እንደ ነበር ለአንባቢ እንተዋለን። ውሉ ሲያበቃም አሠሪው የተማረውን ሞያና የተማረበትን ዘመን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ለለማጁ ይሰጣል።

ይህ የመጨረሻው ግዴታ ትንሽ ቢመስልም ብዙ የሚከብደው ለጋራዡ ልጅ ነው። በየሰፈራችን ለአሥር ዓመት ከባለሞያ ሥር የሠራ፣ ሞተሩን በድምፁ ብቻ የሚመረምር፣ ነገር ግን ሞያ አለኝ ብሎ የሚያሳየው አንዲት ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ሞልቷል። አሠሪው ሲሞት ወይም ጋራዡ ሲዘጋ፣ በሌላ ቦታ ከመሣሪያ ማቀበል እንደገና ይጀምራል። ሞያው የት እንደ ተገኘ ሳይጠየቅ ብቃትን ብቻ የሚመዝነው የብቃት ምዘና አሠራር ለእርሱ በር ከፍቶለታል። ፈተናው በጽሑፍም በተግባርም የሚሰጥ ነው። በተግባሩ የሚቸገር አይመስለንም። የጽሑፉ ክፍል ግን በትምህርት ቤት ቃል የተዘጋጀ ነው፤ እርሱ ፍሪሲዮን የሚለውን ወረቀቱ «ክላች» ይለዋል፤ ካምቢዮውም «ማርሽ ሳጥን» ሆኖ ይጠብቀዋል። መጠይቆቹን የምናዘጋጀው እኛ ስለሆንን፣ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን መጻፍ የሚያስወጣን ቀለም ብቻ ነው።