ከችሮታ ወደ መብት፦ ገደብ ጥሰሃል የተባለ ሰውና ጠበቃው



በወንጀል ሥነ ሥርዓት ታሪክ ክፍሌ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ በገደብ የተለቀቀ ሰው፣ ገደቡን ጥሰሃል ተብሎ ዳግም ችሎት ሲቀርብ ጠበቃ ይገባዋልን? ዛሬ ጥያቄው በአሜሪካ የተጓዘበትን መንገድ አወሳለሁ።

ሥርዓቱ ከበጎ ፈቃድ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ኦገስተስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሠሪ በስካር የተከሰሰን ሰው ዋስ ሆኖ ተረከበ። ገደብ ከዚያ ወዲህ እንደ ችሮታ ታየ፤ በ1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በኤስኮና በዘርብስት ጉዳይ ይህንኑ ተናግሯል። በችሮታ የቆመ ሰው ደግሞ የሚሟገትበት መብት አለው ለማለት ያስቸግራል።

የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ በዋሽንግተን ግዛት ታየ። በ1959 አንድ የ17 ዓመት ወጣት የሰው መኪና ያለ ፈቃድ በመውሰድ ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት በመደበለት ጠበቃ ምክር ጥፋቱን አመነ። ቅጣቱ ሳይወሰን ለሁለት ዓመት በገደብ ተለቀቀ። ከወራት በኋላ ሰብሮ በመግባት ወንጀል ተጠርጥሮ ሲቀርብ ግን ጠበቃ አልነበረውም። የክትትል ሹሙ ሲመሰክር መስቀለኛ ጥያቄ ያቀረበለት የለም። እስከ 10 ዓመት እስራት ተወሰነበት። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜምፓና በሬይ ጉዳይ፣ በዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ብዕር፣ እንዲህ ያለው ችሎት ቅጣት የሚወሰንበት ስለሆነ ጠበቃ ሊኖር ይገባል ሲል በየነ።

ነገር ግን ቅጣቱ አስቀድሞ ተወስኖ አፈጻጸሙ ብቻ የታገደለትስ? በ1973 በጋኞንና በስካርፔሊ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የመሰማት መብትን አረጋገጠ፤ የጠበቃን ነገር ግን እንደየጉዳዩ ይታይ አለ። ሰውየው ጠበቃ ከጠየቀና ጥሰቱን በጊዜው በአሳማኝ ሁኔታ ከካደ፣ ወይም ጥሰቱን ቢያምንም ገደቡ እንዳይነሣ የሚያስረዳው ምክንያት ውስብስብ ከሆነ፣ በመርሕ ደረጃ ጠበቃ ይመደብለታል። የተከለከለም እንደሆነ ምክንያቱ በመዝገብ ይስፈር። በርካታ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ከዚህ የሰፋ መብት ሰጥተዋል።

ጠበቃ ምን ይለውጣል ለምትሉ፣ የ1983ቱን የቤርደንና የጆርጂያ ውሳኔ ተመልከቱ። ሥራ አጥቶ መቀጮውን መክፈል ያልቻለ ሰው፣ ድህነቱ ብቻ ወደ ወኅኒ አያስገባውም ተባለ። አለመቻልን ከእምቢተኝነት ለይቶ በማስረጃ ማሳየት ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው ቀላል አይደለም።

የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሁለቱን የገደብ ዓይነቶች ያውቃል፦ ቅጣትን ሳይወስኑ ማገድና የተወሰነን ቅጣት አፈጻጸም ማገድ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የጠበቃን መብት የሰጠው ለ«ተከሰሱ ሰዎች» ነው። ገደቡ ሊነሣበት የቀረበ ሰው ከእነዚህ ይቆጠራልን? እኔ ይቆጠራል እላለሁ፤ ነጻነቱን የሚያጣው ከመጀመሪያው ችሎት ባላነሰ በዚህኛው ነውና። ተማሪዎቼ ይህን በሕግ ክርክር እንድታጸኑት አደራ እላለሁ።