ከቁራኛ እስከ ደረቅ ቼክ

እንደሚታወቀው ቼክ ከውጭ የመጣ ወረቀት ነው። በዱቤ መገበያየትና በዕዳ መካሰስ ግን የቆየ ነገራችን ነው። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የ13ኛውን ምዕት ዓመት የገዳም ንብረት መዝግቦ አቆይቶልናል። ጽሕፈት ግን በአመዛኙ የገዳምና የቤተ መንግሥት ነበር፤ ገበያተኛው የሚተማመነው በምስክርና በዋስ ነው። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ይታሰራል፤ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ልብ እንበል፤ አበዳሪውም አብሮ ታስሯል!

የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። የቼክ ሕግ በሰፊው የተደነገገው ግን ፈረንሳዮቹ ኤስካራና ዦፍሬ ባረቀቁት በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግም ይህን ክፍል አልነካውም። ምንጩ የ1923ቱ (እ.ኤ.አ. 1931) የጄኔቭ ስምምነት ሲሆን፣ ዋናው ሐሳቡ ቼክ እንደቀረበ ይከፈላል የሚል ነው። የወር ቀጠሮ የተጻፈበት ቼክ ዛሬ ባንክ ቢቀርብ ዛሬውኑ ይከፈላል።

ታዲያ ገበያው እንዲህ አይሠራም። እንበል፣ አንድ የሐይቅ ባለሱቅ ከደሴ አከፋፋይ ስኳርና ዘይት በዱቤ ይወስዳል። «ሸጬ እከፍላለሁ» ብሎ ቼክ ይፈርማል። አከፋፋዩም ሒሳቡ ባዶ መሆኑን እያወቀ ይቀበላል። በሁለቱ ዘንድ ወረቀቱ ዋስ ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ጥሬ ገንዘብ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ቼኩ ደረቅ ይሆናል።

ከዚያ ሁለት በር ይከፈታል። አንዱ የፍትሐ ብሔር ነው፤ በ1958ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284 መሠረት ክሱ ባጭር ይታያል፣ ተከሳሹም ለመከላከል እንኳ ማስፈቀድ አለበት። ሌላው የወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያዝበት ገንዘብ አለመኖሩን እያወቀ ቼክ ያወጣውን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል።

አታላይ ይቀጣ፤ በዚህ አንከራከርም። ቼክ ካልታመነ ንግድ የለም። ነገር ግን አታላዩና ገበያ የከዳው ባለሱቅ በአንድ አንቀጽ ሲመዘኑ ዕዳ ወንጀል ይሆናል። ባለሱቁ ከታሰረ ደግሞ ማን ሠርቶ ይከፍላል? ባዶነቱን አውቆ የተቀበለውስ ለምን አይጠየቅም? ቁራኛ ጨካኝ ነበር፤ ይመለስ አንልም። ግን ውል የሁለት ሰው መሆኑን አይረሳም ነበር።